ከአባት ወደ ልጅ የምትሄድ ጉድለት

ሸምሱ በሉኝ። እውነተኛ ስሜ አይደለም። እውነተኛውን እንዳልናገር የከለከለኝ ሰው የለም፤ ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ማን እጅ ላይ እንደሚገባ አላውቅም። ብቻ ስሜ እንደ ሸምሱ ሁሉ በኛ አገር የበዛ መሆኑን ያዙልኝ። የኋላ ኋላ እንቅልፍ ከነሳኝ ነገር አንዱ እሱ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ ዛላ በርበሬ እነግዳለሁ። ከመስቃንና ከማረቆ ገበሬ እየሰበሰብኩ መርካቶ እልካለሁ። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ሰው አያምንም። ከላይ ያማረውን ደርድሮ ከሥር የሻገተውን የሚደብቅ አለ፤ ሚዛን እንዲያነሳለት ውሃ የሚረጭበት አለ፤ የተፈጨው ላይ ሸክላ ደቁሶ የሚቀላቅል ሁሉ አለ። ስለዚህ እኔ በርበሬ ስገዛ የጆንያውን አፍ አላይም፤ ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ ከታች ዘግኜ አወጣለሁ። ወደ መርካቶ በምልክበት ጊዜም የጆንያውን አፍ ራሴ በወስፌ በቀይ ክር እሰፋና ሌላ ሰው በማይችለው አስተሳሰር እቋጥረዋለሁ። አንድ ጊዜ አይሱዙ ላይ የጫንኩት ደረቅ በርበሬ መንገድ ላይ በእርጥብ ተቀይሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቀይ ክር ከሱቄ የወጣ ጆንያ የለም። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ሕመሜንም ያየሁት በዚሁ ዓይን ስለሆነ ነው።

ደግሞ ምን ሕመም ነው? አላተኮሰኝ፣ አላሳለኝ፣ ጎኔን አልወጋኝ። ዘሀራን አገባሁ። የወልቂጤ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ የልብስ ሱቅ አላቸው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ "ኢንሻአላህ" አለን። ቀጥሎ "ምነው ዘገያችሁ?" አለን። ከዚያ ዝም አለን፤ ዝምታው ከሁሉም ይከፋል። ለአረፋ ዘመድ ከየከተማው ልጆቹን አስከትሎ አባቴ ቤት ይሰበሰባል። የታላቅ ወንድሜ የከድር ልጆች ግቢውን ሲያምሱት፣ ሴቶቹ የዘሀራን ሆድ ሰረቅ አድርገው አይተው ሌላ ወሬ ይጀምራሉ። እሷም ታያቸዋለች፤ እኔም አያቸዋለሁ።

ሐኪም ቤት የሄደችው እሷ ናት። እኔማ ምን ሆኜ? ወልቂጤ ላይ የማህፀን ቱቦዋን በመድኃኒት ሞልተው ራጅ አነሷት። ከእናቷ ጋር ሲመለሱ ዘሀራ ሚኒባሱ ውስጥ እጥፍ ብላ ነው የመጣችው። "ምንም የለብሽም" ብለዋታል። ምንም ከሌለባት ታዲያ ልጁ የት አለ? ጥርጣሬዬ ያን ቀን ጀመረ። ጤና ጣቢያ ሴቶች ክንዳቸው ውስጥ የሚያስቀብሩት የወሊድ መከላከያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከቆዳ ሥር እንደ ክብሪት እንጨት ይዳሰሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ለሶላት ስትታጠብ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ፎጣ የማቀብል መስዬ ክንዷን እዳስሳለሁ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ። መጀመሪያ ፍቅር መስሏት ትስቅ ነበር። በኋላ ገባት።

"ሸምሱ፣ ጆንያ መሰልኩህ?" አለችኝ። "ከታች የሻገተ እየፈለግክ ነው?"

ፎጣውን ሰጥቻት ወጣሁ።

"አንተ ካልታየህ እኔ ሁለተኛ ሐኪም ቤት አልረግጥም" ስትለኝ ነው እዚሁ ቡታጅራ አንድ የግል ክሊኒክ የገባሁት። የላብራቶሪዋ ሴት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥታ ወደ አንድ ጠባብ ክፍል አመለከተችኝ። የዚያን ክፍል ሐፍረት አልተርክም። ስወጣ ግን ከኪሴ ቀይ ክር አውጥቼ ክዳኗን ዙሪያዋን አስሬ ቋጠርኳት።

"ይሄ ምንድነው ወንድሜ?" አለች ሴትዮዋ።

"ምልክት ነው።"

"ስምህ ተጽፎባታል እኮ።"

"ስምማ ማንም ይጽፋል" አልኳት።

ሴትዮዋ መቀስ አንስታ ክሩን ቆረጠችው። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከሴት እንቁላል ጋር ተገናኝቶ ልጅ የሚሆነው በዓይን የማይታይ የወንድ የዘር ህዋስ አለ፤ የኔ ፈሳሽ ውስጥ አንድም አልተገኘም። "አንድም?" አልኩት። "አንድም" አለኝ። ለኔ ወዲያው የታየኝ ያ የተቆረጠ ክር ነው። ቀይራብኛለች ብዬ ወጣሁ።

ሰው በማያውቀኝ ከተማ ልታይ ብዬ ወልቂጤ ሄድኩና በሌላ ስም ካርድ አወጣሁ። መጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ላይ ቁጭ ስል ከጎኔ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ቡታጅራ ከሱቄ ፊት ለፊት ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጠው ጎረቤቴ።

"አሰላሙ አለይኩም! ምን እግር ጣለህ?" አለኝ።

"ወአለይኩም ሰላም። ጥርሴን ነው። አንተስ?"

"ጨጓራዬን።"

ክሊኒኩ ጥርስ አይነቅልም። በሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ ስለ ጨጓራ አንድም ቃል የለውም። ሁለታችንም ወለሉን እያየን ተቀመጥን። ነርሷ አንድ የማላውቀውን ስም ስትጠራ ጎረቤቴ ተነስቶ ገባ። ሰውዬው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ረጋ ብሎ ስለ ጥርሴ ይጠይቀኛል፤ እኔም ስለ ጨጓራው። በዚያ ዘመን ካገኘሁት ደግነት ሁሉ የማልረሳው ይሄን ነው።

የወልቂጤውም ውጤት ያው ሆነ። ከዚያማ መንከራተት ነው። አንዱ ኢንፌክሽን ነው ብሎ እኔንም ዘሀራንም መድኃኒት አስዋጠን። ሌላው የቆለጥህ ደም ሥር አብጧል ብሎ ቀደደኝ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ እግሬን እያንፈረከኩ ስሄድ ሱቅ የመጣ ሁሉ ምን ሆነህ ነው ይለኛል። ቡኢ አካባቢ አንድ የባህል ሐኪም የሚመር ጭማቂ አጠጣኝ፤ ሆዴን አጠበኝ እንጂ ሌላ የፈየደው ነገር የለም። የበርበሬ ብናኝ አቃጥሎት ነው ያለኝም አለ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ከድርም እዚያው ብናኝ ውስጥ ነው ያደገው፣ ልጆቹን ደግሞ ግቢው አልችል ብሏል። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚያወራ ሻጭ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት ጠና ያሉ ሐኪም ጋ ደረስን። እኚህ ሴት ደግሞ "አላውቅም" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከሐኪም አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ደሜን ቀድተው ውጭ አገር ወዳለ ላብራቶሪ ላኩት። ናሙናዬ አውሮፕላን ላይ ወጣ ማለት ነው። አይሱዙ ላይ የተቀየረብኝ ሰው፣ እስኪ አስቡት።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም አስቀመጡን።

"የሰውነታችን መመሪያ ክሮሞዞም በሚባሉ ጥቅሎች ላይ ነው ያለው" አሉኝ። "ወንድን ወንድ የሚያደርገው ትንሹ ጥቅል ዋይ ይባላል። ያንተ ዋይ ላይ የዘር ህዋስ እንዲመረት ከሚያዙት ቦታዎች አንዱ የለም።"

"የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ስትፀነስም አልነበረም።"

"ማን ወሰደው ታዲያ?"

"ማንም" አሉ። አልሳቁብኝም።

እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥልኝም። የጎደለ ጆንያ ካለ የቀነሰ ሰው አለ። እሳቸው ግን ታግሰው አስረዱኝ። ዋይ ከእናት አይመጣም፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው። እነዚያ ቦታዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ቢጎድሉ ተስፋው የመነመነ ነው፤ የኔ የጎደለው ሦስተኛው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፈሳሹ ውስጥ ባይታይም ቆለጡ ውስጥ ተፈልጎ ጥቂት የዘር ህዋስ ሊገኝለት ይችላል። ቀዶ ጥገናውም መድኃኒቱም ያልጠቀመኝ፣ የጎደለችውን ቁራጭ የሚመልስ ነገር ስለሌለ ነው።

ዘሀራ ቡታጅራ ቤት እንደገባን ሻንጣዋን አወጣች። "ስንት ጊዜ ክንዴን ዳሰስክ? ያንን ራጅ ስነሳ አንተ እዚህ ሱቅህ ተቀምጠህ ምን ታስብ ነበር? እኔ መሃን መባሉን ችዬው ነበር፤ ሌባ መባሉን ግን ካንተ አልጠበቅኩም።" ወልቂጤ እናቷ ቤት ሄደች።

ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግኩ? ሚስቴን ልለምን ልሄድ ሲገባኝ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ። ዋይ ከአባት የሚመጣ ከሆነ፣ አባቴ ደግሞ እነ ከድርን የወለደ ሙሉ ሰው ከሆነ፣ የኔ ከየት ጎደለ? ሐኪሟ "ብዙ ጊዜ አባትየው ሙሉ ነው፤ ወደ ልጁ ሲገለበጥ ነው ቁራጯ የምትዘለለው" ብለውኛል። እኔ ግን ይህች ሴት እናቴን እየሸፈነቻት ነው አልኩ። እናቴን፣ አላህ ይዘንላትና፣ በመቃብሯ ጠረጠርኳት።

አባቴን እንሰቱ ውስጥ አገኘሁት። ከሰላምታ በኋላ በቀጥታ ጠየቅኩት።

"አባባ፣ እኔ ያንተ ልጅ ነኝ?"

አባቴ መጀመሪያ ያደረገው ዞር ብሎ አጥሩን ማየት ነው፤ የሚሰማ ሰው እንዳይኖር። ከዚያ የሐኪሟን ነገር አስጨርሶኝ ሰማኝ።

"ከድር በግ ሲገዛ ሻጩ የነገረውን ዕድሜ ያምናል" አለኝ። "እህቶችህም ያምናሉ። አንተስ?"

"አፏን ከፍቼ ጥርሷን አያለሁ።"

"ሌላስ?"

"ለሌላ ሰው አሳያለሁ።"

"እኔም ጥርስ ሳላይ በግ ገዝቼ አላውቅም። ታዲያ ከኔ በቀር አንተን ማን ይወልድሃል?" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ጀርባውን እንደሰጠኝ "ሚስትህን አምጣ" አለ።

ወልቂጤ የዘሀራ አባት ሱቅ ውስጥ፣ በተሰቀሉት ልብሶች መሃል፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ዘመዶቿ ፍቺ ነው የሚሉት፤ ወጣት ናት፣ ሌላ አግብታ ትወልዳለች። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን በጣም ፈራሁ። የፈራሁት ልጅ ማጣትን አይደለም፤ እሷን ማጣትን ነው።

መጥታ ፊቴ ቆመች። "እመጣለሁ" አለችኝ። "ግን ከእንግዲህ እኔን አትፈትሽም። እዚያ ሐኪም ቤትም ክርህን ይዘህ አትገባም። ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ።"

ከኪሴ ያችን ቀይ የክር ጥቅልል አውጥቼ ሰጠኋት።

ወጪውን አልዘረዝርም፤ ቤት ልንሠራበት የገዛነው ቦታ ተሽጦ እዚያ አለቀ። ሃይማኖቱንም ጠየቅን። ሼኹ "ዘሩ ያንተ፣ ማህፀኑ የሷ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ካልገባበት ይፈቀዳል" አሉን። ያቺ "ሌላ ሰው ካልገባበት" የምትለዋ ሆዴ ውስጥ ቀረች። ሐኪሟም አንድ ነገር አስጠንቅቀውናል። "ሴት ከሆነች አይነካትም። ወንድ ከሆነ ግን ይህችው ጉድለት ትተላለፍበታለች። ሲያድግ እንዳንተው ይቸገራል። አስባችሁበት ወስኑ።" ዘሀራ "ቢያንስ እሱ አስቀድሞ ያውቃል" አለች። እኔም ተስማማሁ።

ከቆለጤ በመርፌ ፈልገው ጥቂት አገኙ። እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ እያንዳንዱን ወደ ዘሀራ እንቁላል በቀጭን መርፌ ያስገቡና፣ ፅንስ የሆነውን ማህፀኗ ውስጥ ያስቀምጡታል። የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ዘሀራ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለሁለተኛው ስንሄድ ነው ያ ነገር የሆነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነርሷ ብቅ ብላ "ሸምሱ!" ስትል ሁለት ሰው ተነሳን።

ሌላኛው ቀላ ያለ፣ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ወጣ ያሉ የስልጤ ሰው ነው። ተያይተን ሳቅን። ነርሷ እስከ አያት ድረስ ጠርታ ለየችን። ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ሆነው ስም እስከ አያት ሳያነቡ ምንም ነገር እንደማይነኩ ነገሩኝ። ጥሩ አሠራር ነው፤ እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላደርግም። ግን ኪሴን ስዳስስ ክሬ የለም። ዘሀራ አየችኝ። ቃሌን አስቤ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ አልሀምዱሊላህ። ቀላ ያለ ነው። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ወጣ ይላሉ።

በአቂቃው፣ በስም ማውጫው ድግስ ቀን፣ በጉ ታርዶ ቤቱ በሰው ሲሞላ አክስቴ ልጁን ታቅፋ "ይሄን ጆሮ ደሞ ከየት አመጣው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ቀላ እንደሚል አውቃለሁ፤ ጆሮም እያደገ ይስተካከላል ይላሉ። ማወቅ ግን ምንም አልረዳኝም። ልጁን ሳቅፈው ዓይኔ ወደ ጆሮው ይሄዳል። ዘሀራ ዓይኔ የት እንደሚሄድ ታያለች።

በርበሬ ልሸጥ ነው ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩና ሐኪሟ ጋ ገባሁ። የኔ መሆኑን ማወቅ ይቻላል ወይ አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይቻላል። ላንተማ ቀላል ነው። ካንተ የተወለደ ወንድ ከሆነ ያቺ ቁራጭ እሱም ጋ የለችም። ትንሽ ደም ይበቃል።"

"ከተገኘችስ?"

"ከተገኘች ካንተ አይደለም። ሙሉ ጤነኛ ነው፣ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ስህተት አልተሠራም ብዬ አምናለሁ። አንተ ግን ምን ሆኖ እንዲገኝ እንደምትፈልግ አስበህ ና።"

ወደ ቡታጅራ ስመለስ መስኮት ዳር ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። የኔ እንዲሆን ከተመኘሁ ያቺ ጉድለት እንድትኖርበት መመኘቴ ነው፤ ክሊኒክ ለክሊኒክ መንከራተቱን፣ ያቺን የፕላስቲክ ዕቃ፣ የሚስቱን ሻንጣ። ሙሉ እንዲሆን ከተመኘሁ ደግሞ ያ ከጎኔ የተነሳው ሰው ልጅ እንዲሆን መመኘቴ ነው። የማስረው ምልክት ባጣ እንዲህ ያለ ምልክት ገጠመኝ።

ዘሀራ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሄድክ?" አለች። ሄድኩ አልኩ፤ የተባልኩትንም አንድ ሳልደብቅ ነገርኳት። ልጁን አቀበለችኝና እጅጌውን ሰበሰበችለት።

"እንካ፣ ዳስሰው" አለችኝ። "ካስመረመርከው ውጤቱን ለኔ አትንገረኝ። ማን እንደወለደው አውቃለሁ።"

ክንዱን ያዝኩት። ለስላሳ ነው። ዝም ብዬ ያዝኩት እንጂ ምንም አልፈለግኩበትም።

ልጅ ለዘገየባችሁ ሁሉ የምለው አጭር ነው። ሴቷን ብቻ አትላኩ፤ ለወንዱ ከፈሳሽ ምርመራ የቀለለ መጀመሪያ የለም። አንድም ህዋስ ካልተገኘ ደግሞ ከመቀደዳችሁና መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊት ይህ የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ያለ ጥቅም የቀደደኝ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስላልጠየቀ ነው። ልጄም ሲያድግ፣ ለማግባት ከማሰቡ በፊት፣ ይህን ሁሉ ከኔ አፍ ይሰማል፤ ያን ጊዜ መመርመር አለመመርመሩን ራሱ ይወስን። እስከዚያ ደሙን አላስቀዳም።

አሁን ዳዴ ይላል። ሱቅ ይዤው እመጣለሁ፤ በርበሬው ሲያስነጥሰው ይስቃል፣ ጆንያዎቹን ይዞ ሊቆም ይታገላል፣ የቀይ ክሩን ጫፍ ይጎትታል። ባለፈው የአስርን ሶላት ሰግጄ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ አጠገቤ ነበር። "ያ አላህ፣ ምንም ሳይጎድለው አሳድግልኝ" አልኩ። ምን እንደለመንኩ የገባኝ ምንጣፉን ሳጥፍ ነው። ደግሜ እጄን ዘርግቼ ልለውጠው እችል ነበር፤ አልለወጥኩትም።